የአጎቴ ጠባሳ ደረጃ

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልረገጥኩም። እንግሊዝኛዬን የለቃቀምኩት ከመዝገበ ቃላት፣ ከሬዲዮ፣ እንዲሁም ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለችው የፎቶኮፒ ሱቄ ነው። ሰው አባዢልኝ ብሎ የሰጠኝን ወረቀት ሳላነብ መመለስ አልችልም፤ አመል ነው። አንድ የጥንት ግሪክ ፈላስፋ ስለ ትራጀዲ የጻፋት ትንሽ መጽሐፍም እጄ የገባችው እንዲሁ ነው። የሰፈሩ የቴአትር ክበብ መምህር እንግሊዝኛውን ለሃያ ወጣቶች እንዳባዛለት አመጣው። ልጆቹ ይህን እንዴት ይረዱታል ብዬ ብጠይቀው፣ እንግዲያው አንቺ ተርጉሚላቸው አለኝ። እየቀለደ ነበር። እኔ ግን በማግስቱ አዲስ ደብተር ከመደርደሪያዬ አውርጄ ጀመርኩ።

ስምንት ወር ፈጀብኝ። የሰውየው ነገር ሲያነቡት ውሃ ነው፣ ሲተረጉሙት ድንጋይ። አንዷን ገጽ ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ ቀድጃለሁ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ምሳሌ አሰጣጡ ነበር። አንባቢው በሙሉ ትናንት ከእሱ ጋር ቴአትር ቤት የዋለ ይመስለዋል መሰለኝ፣ አንድ ስም ጠርቶ ያልፋል። ማን ነው? ምን ሆነ? ዝም። የሐዋሳ ልጅ ይህን አንብቦ ምን ሊገባው ነው እያልኩ ከአንድ ሙት ጋር ስጣላ ከረምኩ።

በዚህ ንዴት ላይ ሳለሁ ጠፍቶ የኖረ ሰው ዘመዶቹ እንዴት እንደሚያውቁት የሚናገረው ክፍል ላይ ደረስኩ። አንዱ መንገድ የአካል ምልክት ነው፤ ለምሳሌ ጠባሳ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የጠባሳ ታሪክማ እኛ ቤት ሞልቷል።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ እህት። ስምንት ዓመቷ ሳለ ትኩስ ዘይት ያለበት መጥበሻ ገፍታ በሦስት ዓመት ወንድሟ ግራ ክንድ ላይ ደፋችው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያን ሕፃን አንድ ነጋዴ ዘመድ ወደ ጠረፍ ይዞት ሄደ፤ በዚያው ጠፋ። ሃያ ስድስት ዓመት። አክስቴ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ስትሸጥ አንድ መንገደኛ ብርጭቆውን እንደ ደንቡ በሁለት እጁ ሊቀበላት ሲዘረጋ እጅጌው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ክንዱን ያዘች፤ አለቀቀችም። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ። እኝህ አጎቴ ናቸው፤ አሁን ከሐዋሳ ዳር ቱላ ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ከአደግኩ በኋላ ስለተዋወቅኳቸው አንቱ እላቸዋለሁ፣ አክስቴን ግን አንቺ። አክስቴ ይህን ሳትናገር የቤታችን ሠርግም ክርስትናም አልፎ አያውቅም። መጥበሻው ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች፣ አውቶቡሱ ላይ ስትደርስ ታስቃለች።

እኔም የግሪኩን ምሳሌ አውጥቼ የእሷን አስገባሁ። እሑድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ አነበብኩላት። ድገሚልኝ አለች፤ ደገምኩላት። በጉልበቷ ላይ ያለውን ሳህን ወደ ጎን አድርጋ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። አፌ ግን ቀድሞኝ ወደሚቀጥለው አረፍተ ነገር ገባ። ሰውየው እኮ እነዚያን መንገዶች ደረጃ ያወጣላቸዋል፤ ምርጡ ከድርጊቱ ከራሱ የሚመጣው ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥበብ ያነሰው ደራሲ የሚሮጥለት፣ ጠባሳውና የአንገት ሐብሉ። ይህን ራሴ በእጄ ጽፌዋለሁ። ምሳሌው ስለገጠመልኝ ደስ ብሎኝ ደረጃውን ረስቼው ነበር።

«የመጨረሻው ማለት?» አለች።

«ለቴአትር ነው የሚናገረው እቴቴ።»

«እኔ ቴአትር ሠራሁ?»

ጣቴን ከመስመሩ ላይ አነሳሁ።

«ይሄ ሰውዬ ወንድም ጠፍቶበት ያውቃል?»

አላውቅም አልኳት።

«ታዲያ ደረጃ አውጪ ማን አደረገው?»

አንደኛ ባታደርጊው እንኳ መሃል ላይ አስገቢው አለችኝ። ተርጓሚ የሰው ቃል አይቀይርም፣ አደራ ነው ብዬ ረጅም ንግግር አደረግኩ። አክስቴ እስክጨርስ ጠበቀችና «የእኔን ታሪክ ስታስገቢበት ግን አደራው የት ሄዶ ነበር?» ብላ ሳህኗን ይዛ ገባች።

ታሪኩን አወጣሁት። የግሪኩን ስም መልሼ ከግርጌው ደረቅ ማብራሪያ ጻፍኩ፤ መምህሩ አይቶት ይሄ ገጽ ሞቷል አለኝ። መልሼ አስገባሁት፤ አክስቴ በበሩ ስታልፍ ደብተሩን ከደንኩ። እንደገና አወጣሁት። ፍቀጂልኝ ብዬ ብለምናት «መጽሐፉ ያንቺ ነው» አለች፤ እንዲህ ያለችኝ ቀን መቆጣቷ አይደለም፣ ከዚያ የባሰ ነው። በመጨረሻ ያለ እሷ ታሪክ ሃያ ኮፒ አባዝቼ በስቴፕለር መታሁና ሰጠሁ። ልጆቹ አንብበው መጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይሄ ጠባሳ ያለበት ሰው ማን ነው የሚል ነበር። በግሪኩም በራሴም ተናድጄ ያን ቀን ሱቁን ቀድሜ ዘጋሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የዘመድ ሠርግ ነበር። ምሳው ቀርቦ ሙሽሮቹ ከተቀመጡ በኋላ ከጠረጴዛችን አንዷ እንደ ልማዱ አክስቴን፣ እስቲ የመናኸሪያውን አጫውቺን አለቻት። አክስቴ አልተግደረደረችም። ግን ከመጥበሻው አልጀመረችም፤ ከሻይዋ ጀመረች። መንገደኛው መጣ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ከዚያ አወቅሁት» አለች።

«በምን?» አለች ልጅቷ።

«ወንድሜ አይደል? አወቅሁት በቃ።» ለስላሳዋን አንስታ ጠጣች። አውቶቡሱንም አልነገረቻቸውም። እኔ ሳህኔን እያየሁ ቀረሁ።

አጎቴ ከጎኗ ተቀምጠው ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉ፣ የሸሚዛቸውን የግራ እጅጌ ቁልፍ ፈትተው እስከ ክርናቸው ጠቀለሉት፣ ክንዳቸውን ሰው ሁሉ በሚያይበት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በቀኝ እጃቸው ምሳቸውን መብላት ቀጠሉ።