ሆት ሮድ በግራ፣ ስትሪት ሮድ በቀኝ

ዝምታዬ ሥራ አስገኝቶልኛል ብል የሚያምነኝ የለም። ከዚያ በፊት ስልክ የሚመልሱበት ቢሮ ገብቼ የቆየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን አለቃዬ አጠገቤ መጥታ፣ «የኔ ማር፣ ደንበኞቹ መስመሩ የተበላሸ እየመሰላቸው ይዘጉታል» አለችኝ። መስመሩ ደህና ነበር። ድምፄ ነው ከጉሮሮዬ አልወጣ ያለው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው ነው፤ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሌይ ኦፍ እየተባለ ከሥራ የሚቀነስበት ጊዜ። እኔ በሥራ አመራር ዲግሪ ይዤ ቴክሳስ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ አክስቴ አፓርታማ ውስጥ እኖራለሁ። አክስቴ አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለች፤ አብራት የምትሠራ ሴት አርሊንግተን ከተማ ያለ አንድ የአሮጌ መኪና ጋራዥ ጸሐፊ እንደሚፈልግ ነገረቻት፤ አክስቴም ይዛኝ ሄደች። ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ወሬ ታበዢያለሽ?» አሉኝ። ራሴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ። «ነገ ጠዋት ነይ» አሉ። ቃለ መጠይቁ ይኸው ነበር።

ጋራዡ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሁለት ትልልቅ በሮች አሉት፤ በመሐላቸው የእኔ ባለ መስታወት ክፍል። ባለቤቶቹ አማቾች ናቸው፤ የቀኙ በር ባለቤት የግራውን እህት አግብተዋል። በስማቸው ለመጥራት ድፍረቱ ስላልነበረኝ ሁለቱንም «ሰር» እላቸዋለሁ። በልቤ ግን የግራው ጋሼና የቀኙ ጋሼ ነበሩ።

የሁለቱም ሥራ የሚጀምረው ከአንድ ዓይነት መኪና ነው፤ ስድሳ ዓመት ግድም ወይም ከዚያ በላይ ያስቆጠረ፣ ከየገጠሩ መጋዘን ተጎትቶ የመጣ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የግራው ጋሼ መኪና ሲያዩ የሚታያቸው የሚቀነሰው ነገር ነው። የጎማ መከለያውን ፓራፋንጎ ያወልቃሉ፣ ኮፈኑን ይጥላሉ፣ ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ለአካሉ የማይመጥን ግዙፍ አሮጌ ሞተር ይጭኑበታል። ቀለም የሚባል ነገር አያስጨንቃቸውም። መኪናው ድሮ ገንዘብ ያልነበራቸው ጎረምሶች ከወዳደቀ ዕቃ ለእሽቅድምድም እንደገጣጠሙት መምሰል አለበት። ሆት ሮድ ማለት እሱ ነው። የቀኙ ጋሼ ደግሞ ያንኑ መኪና ሲያዩ የሚታያቸው የሚጨመረው ነው። ቅርጹ እንዳለ ሆኖ ከሥሩ አዲስ ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ክንድ የማያደክም መሪ፣ በደንብ የሚይዝ ፍሬን፤ ከውስጥ የቆዳ ወንበርና ኤር ኮንዲሽን፤ ከላይ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ቀለም። ሚስትን ይዞ ሌላ ስቴት ደርሶ መመለሻ መሆን አለበት። ያ ስትሪት ሮድ ነው።

ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የግራውን ጋሼ የራሳቸውን መኪና አይቼ፣ ላበረታታቸው ብዬ፣ «ሲያልቅ በጣም ያምራል» ብያቸዋለሁ። ካለቀ ሦስት ዓመቱ ነበር።

በገባሁ በሁለተኛው ወር ተጣሉ። ፎርት ወርዝ የመኪና ወዳጆች በተሰበሰቡበት፣ የግራው ጋሼ በሰው ፊት «ስትሪት ሮድ መኪና ለሚፈሩ ሰዎች የተሠራ መኪና ነው» አሉ። የቀኙ ጋሼም «ሆት ሮድ ደግሞ ሥራ ጀምሮ የሰለቸው ሰው የሚሰጠው ስም ነው» ብለው መለሱ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የግራው ጋሼ ጠዋት፣ የቀኙ ጋሼ ከሰዓት በኋላ መግባት ጀመሩ፤ መነጋገርም ቀረ። ሁለቱም ለየብቻ ወደ እኔ መጥተው አንድ ነገር ነገሩኝ፦ ከዚህ በኋላ አንዲት ክፉ ነገር ብትጨመር ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ፣ ጋራዡም ይዘጋል። ድምፅ የማይጠይቅ ሥራ በቴክሳስ ሁለተኛ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ያቺ አንዲት ነገር እንዳትጨመር መጠበቅ የእኔ ኃላፊነት መሰለኝ።

መልእክት የሚመላለሰው በእኔ ነው። ከበር እስከ በር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ አንዳቸው ሊወጡ ሌላኛቸው ሲገቡ፣ የግራው ጋሼ በመስኮቴ አንገታቸውን ያስገባሉ።

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ የብየዳ ማሽኔን ይመልስ። ሶፋ ለመስፋት መርፌ ይበቃዋል።»

አሥራ አምስት እርምጃ እሄዳለሁ። «ሰር፣ ማሽኑን ሲጨርሱ ቢመልሱላቸው ደስ ይላቸዋል። ደግሞ... የወንበሮቹን ስፌት አንስተዋል።»

«ስፌቱን? እሱ?» የቀኙ ጋሼ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ማሽኑ ያውልህ በይው። የሱ መኪና ግን ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ጥርስ ያረግፋል፤ የጥርስ ሐኪም አብሮ ይቅጠር።»

አሥራ አምስት እርምጃ እመለሳለሁ። «ማሽኑ ያውና ብለዋል፣ ሰር። ስለ ጤናዎም ጠይቀዋል።»

«ስለ ጤናዬ?»

«ስለ ጥርስዎ።»

ያደግሁት እንዲህ ነው። እናቴ ተናድዳ ጎረቤት ስትልከኝ ንዴቱን በር ላይ ጥዬ ነበር የምገባው፤ እሷም እንደምጥለው ታውቃለች፤ ለዚህም ነው እንደ ልቧ የምትናደደው። የተባለውን ሁሉ እንደወረደ የሚያደርስ ሰው በሰፈራችን ነገር አመላላሽ ይባላል። እኔ ደግሞ ነገር አመላላሽ ከምባል ዋሾ ብባል እመርጣለሁ። ያን ጊዜ ግን ዋሾ መሆኔም አልታየኝም።

ጠንቃቃ ነኝና እንዳይምታታብኝ ደብተር ያዝኩ። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «ያሉት»፣ በሌላው «ያልኩት» እያልኩ በቀን በቀኑ እጽፋለሁ። ስድቡ ቃሉ እንዳይለወጥ ብዬ ሁሉንም የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነው። በኋላ የገደለኝ ይሄ ጥንቃቄ ነው።

አክስቴ ከሥራ ስትወጣ ትወስደኛለች። ሃይዌይ ከመግባታችን፣ «ሶ፣ ዛሬስ ሽማግሌዎቹ ምን ተባባሉ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ፤ መሪው ላይ ተደፍታ ትስቃለች። አንድ ቀን ግን ሳቋን ስትጨርስ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ኦኬ፣ ለደግ አስበሽ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ያወራሉ። ያኔ የት ትገቢያለሽ?»

«አያወሩም፣ አክስቴ።»

«ተኳረፉ እንጂ ዲዳ ሆኑ እንዴ? ማለቴ፣ ሰው የእህቱን ባል እስከ መቼ ይዘጋል? ፋየር ያደረጉሽ ቀን እኔ ላይ እንዳታለቅሺ።»

በሰባተኛው ወር አንዲት ባል የሞተባቸው ትልቅ ሴትዮ የባላቸውን ባለ ሁለት በር አሮጌ መኪና በተጎታች አስመጡ። ሥራ በጣም ጠፍቶ ስለነበር ጋራዡ የቀረው ትልቅ ሥራ እሱ ነበር። ምን እንዲሆንላቸው እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፣ «ሰዎቹ ያውቁበት የለ? እነሱ ይወስኑ» አሉና ስልክ ቁጥራቸውን ትተው ሄዱ።

የግራው ጋሼ መስኮቴ ላይ መጡ። «ንገሪው፤ ይሄ ሆት ሮድ ነው። አንዲት የቆዳ ወንበር ባይ ዕቃዬን ጭኜ እሄዳለሁ።»

ለቀኙ ጋሼ፣ «መኪናዋ ቀለል ብትል ይመርጣሉ» አልኳቸው።

«ቀለል ትበል፣ ምን ከፋኝ? ኤር ኮንዲሽን ሳይገባላት ግን አትወጣም። ጣሪያዋን ከነካ ደግሞ ድርሻዬን እሸጣለሁ፤ ንገሪው።»

ለግራው ጋሼ፣ «ሙቀቱ አሳስቧቸዋል» አልኩ።

«መስኮት ይከፈታል በይው!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሁለቱም እሺ የተባሉ መስሏቸው ሥራ ጀመሩ። ጠዋት የግራው ጋሼ ፓራፋንጎዎቹን አወለቁ፤ ከሰዓት የቀኙ ጋሼ መጥተው «ለምን ወለቁ?» ሲሉኝ «ለቀለም ይመስለኛል» አልኩ። የኤር ኮንዲሽኑ ካርቶን መጣ፤ የግራው ጋሼ በጫማቸው ነካ አድርገው «ይሄ ምንድነው?» ሲሉኝ «ለጊዜው የተቀመጠ ነው» አልኩ። ዲግሪዬ በሥራ አመራር ነው ብያለሁ አይደል? ያን ጊዜ የምመራው ነገር ቢኖር አንዲትን መኪና ወደ ገደል ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ስገባ የመኪናዋ መስኮቶች ወልቀዋል። ጣሪያውን በያዙት ቋሚዎች ላይ በፕላስተር ሁለት መስመር ተለጥፏል፤ በመሐላቸው አራት ጣት። የግራው ጋሼ ያንን አራት ጣት ቆርጠው አውጥተው ጣሪያውን ዝቅ ሊያደርጉት ነው። ፓራፋንጎ ተመልሶ ይታሰራል። የተቆረጠ ጣሪያ ግን ለቀኙ ጋሼ ለጊዜው የተቀመጠ ነው ሊባል አይችልም።

«ሰር» አልኩ። የብረት መቁረጫው ጮኸ። እንደገና «ሰር» አልኩ፤ ራሴም አልሰማሁት። የመቁረጫው ጥርስ ፕላስተሩ ላይ ሊደርስ ሲል ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ።

«እሺ አላሉም!»

ማሽኑ ቆመ። «ማን?»

«የእህትዎ ባል። ጣሪያዋን ከነካ ድርሻዬን እሸጣለሁ ነው ያሉት።»

«ሙቀቱ አሳስቦታል አላልሽኝም?»

«እሱም አሳስቧቸዋል።»

ሌላ ማስረዳት ስላቃተኝ ደብተሩን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ገጽ ቆመው አነበቡ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የመኪና ጎማ ስበው ተቀመጡበት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ደወሉ። «ና። አሁኑኑ።»

የቀኙ ጋሼ እየከነፉ መጡ። ሁለቱ ደብተሩን እየተቀባበሉ መስኮቴ ሥር ቆሙ። መስታወት ክፍል ውስጥ መደበቅ እንደማይቻል የገባኝ ያን ቀን ነው።

«ሶፋ ለመስፋት መርፌ ይበቃዋል ብለሃል?» አሉ የቀኙ ጋሼ።

«ብያለሁ። አንተስ የጥርስ ሐኪም ይቅጠር አላልክም?»

«አሁንም ቅጠር!»

«እኔ እኮ ስለ ጤናዬ የጠየቅህ መስሎኝ ለእህቴ ነገርኳት። እህቴ አለቀሰች፣ አንተ ሰው!»

ደብተሩ ሲያልቅ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የቀኙ ጋሼ ናቸው የጠየቁኝ። «ለመሆኑ ባለመኪናዋን ደግመሽ ጠይቀሻቸዋል?»

አልጠየቅኋቸውም። ስልክ መደወል ስለምፈራ ቁጥራቸው ሳምንታት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ቆመው እያዩኝ ደወልኩ። ሴትዮዋ ብዙም አላሰቡበትም። «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ትልቅ ባርኔጣ አድርጌ ነው» አሉ። «ጣሪያው እንዳይነካኝ ብቻ። ሙቀትም አልችልም። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ግን እንደ ድሮው ይጩኽ፤ ባሌ መምጣቱን የማውቀው በድምፁ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁ። መኪናዋ ተረፈች፤ ጋራዡ መትረፉን ግን ገና አላወቅሁም። የግራው ጋሼ መቁረጫውን ወደ ዕቃ ሣጥናቸው መልሰው ክዳኑን ዘጉት፤ አዘጋጋቸውን አልወደድኩትም።

«ባርኔጣ ስላላት ነው እንጂ የኔ ይሻል ነበር» አሉ።

«ያንተማ ለሰው አይሆንም።»

«እሷ ትፍረድ» አሉ የግራው ጋሼ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ሁለቱንም ተሳፍራ አታውቅም።»

አልፈልግም ለማለት ድፍረቱ ስላልነበረኝ ተሳፈርኩ። በግራው ጋሼ መኪና ኮፈን የሌለው ሞተር ፊቴ ላይ ይፈላል፣ ሙቀቱ እግሬን ይልሰዋል፣ የመንገዱን ጠጠር አንድ በአንድ በጀርባዬ ቆጠርኩት። ከሁሉ የከፋው ሰው ነው። በየመብራቱ እግረኛው ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሳል። ዓይን አፋር ሰውን ለመቅጣት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የተሠራ አይመስለኝም። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ደግሜ ጀመርኩ። በቀኙ ጋሼ መኪና ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ነፈሰብኝ፣ ወንበሩ ወደ ውስጥ ሳበኝ፣ ሁለተኛው መብራት ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲቀሰቅሱኝ ጋራዡ ደጅ ላይ ነበርን፤ ለሃጬ የቆዳው ወንበር ላይ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። «እሺ» አሉ የግራው ጋሼ። «ሳታሳምሪ ንገሪን።»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «የርስዎ ያስፈራል» አልኳቸው። «ሽታውም ልብሴ ላይ ቀርቷል።» የቀኙ ጋሼ ፈገግ ማለት ሲጀምሩ ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የርስዎ ደግሞ... መኪና ውስጥ መሆኔን ረሳሁት።»

ከዚያ የቀኙ ጋሼ «ሰማሃት?» አሉ።

«ሰማኋት። ስለ መኪና ምን ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም!»

«ምንም!»

እየተቀባበሉ፣ ሁለቱም በእኔ ተቀይመው፣ በግራው በር አብረው ገቡ። እኔ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ የሚያሰናብተኝን ሰው ስጠብቅ ዋልኩ። የመጣ የለም። የግራው ጋሼ መውጫ ሰዓት አለፈ፤ አልወጡም። ከአዳራሹ የሁለት መዶሻ ድምፅና የማያቋርጥ ንትርክ ይሰማል።

የሴትዮዋ መኪና እስኪያልቅ ድረስ በየተራ አኮረፉኝ። አንዱ ሲያኮርፈኝ ሌላው «ተዋት እንግዲህ» ይለዋል፤ ራሱ በአፉ፣ ፊት ለፊት።