ጁላይ ለማን ይሰጥ

ዴልበርት ዌስሊንግ ነብራስካ ውስጥ ኬስለር በምትባል ትንሽ ከተማ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በየግቢው ሲመላለስ ስለኖረ የከተማው ውሾች በሙሉ ያውቁታል። ሲወለድ የላይኛው ከንፈሩና ላንቃው የተሰነጠቀ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሰባት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹም እሱም ይበቃል ተባባሉ። ከአፍንጫው ሥር ቀጭን ጠባሳ ቀርቶታል፤ ሲናገርም ድምፁ ትንሽ በአፍንጫው ይወጣል። ስለዚህ ብዙ አይናገርም። ቆጣሪ ለማንበብ መናገር አያስፈልግም።

ችግሩ እናቱ ናቸው።

ወይዘሮ አርሊን፣ ልጃቸው የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ሳለ፣ ጁላይ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ግንዛቤ ወር መሆኑን ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ አንድ ወረቀት ላይ አነበቡ። በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ከተማውም ወሩን በአዋጅ ይቀበል አሉ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየጁላዩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ከንቲባው "አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ" የሚል ሐረግ አምስት ቦታ የተጻፈበት የአዋጅ ወረቀት ያነባል፤ ዴልበርት አጠገቡ ይቆማል፤ ፎቶ ይነሳሉ። አራት ከንቲባዎች ተቀያይረዋል። ዴልበርት አልተቀየረም። ፎቶዎቹ በተርታ ሲታዩ ፀጉሩ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ሸሚዙ ያው ነው፤ እናቱ የመረጡለት ሰማያዊ።

ዘንድሮ ጁን ላይ ወይዘሮ አርሊን ከጋራዡ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ።

"ራስህ ሄደህ ትጠይቃለህ" አሉት ከአልጋቸው ላይ ሆነው።

"እማ፣ አንድ ዓመት ቢታለፍ ምን ይሆናል?"

"ዘንድሮ የሚወለዱትን ምን ልንላቸው ነው? 'ይቅርታ፣ እረፍት ላይ ነን'?"

"ኬስለር ውስጥ እንደዚህ ሆኖ የተወለደው እኮ እኔ ብቻ ነኝ።"

"ሸሚዝህ ተተኩሷል። ሂድ።"

ሄደ። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚመሩት አዲሷ ከንቲባ ወይዘሮ ኦስተርማን ሥርዓት ወዳድ ናቸው። ከሁለት ቀን በፊት ቆጣሪያቸውን ሊያነብ ሲገባ "ዴልበርት፣ ቲማቲሙን እንዳትረግጥብኝ" ብለውት ነበር። አሁን ግን መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "አቶ ዌስሊንግ" አሉት፤ "ምክር ቤቱ ለአንድ ወር አንድ ጉዳይ ብቻ የሚል ደንብ አውጥቷል። ጁላይ ለትንኝ መከላከል ተሰጥቷል። ፌብሩዋሪ ክፍት ነው።"

ዴልበርት "እሺ" ሊል አፉን ከፈተ። በሃያ ዓመት ውስጥ በዚያ አዳራሽ የሚናገራት የመጀመሪያ ቃል እሷ ልትሆን ነበር። ደስም ብሎት ነበር፤ በፌብሩዋሪ በረዶ ማን ፎቶ ሊያነሳ ይመጣል?

በዚህ መሃል ከኋለኛው ወንበር ሕፃን ትን አለው። ዴልበርት ዞረ። አንዲት ወጣት ሴት የሦስት ሳምንት ልጅ ታቅፋ ወተቱን ከአፍንጫው ትጠርጋለች፤ ባሏ አጠገቧ ጡጦ ይዞ ግራ ገብቶታል። የልጁ ከንፈር እስከ አፍንጫው ድረስ ክፍት ነው። ዴልበርት እንዲህ ያለ ፊት ያየው በራሱ የሕፃንነት ፎቶ ብቻ ነበር።

"ቀና አድርገሽ ያዢው" አላት፣ ወደ እነሱ እየሄደ። "በአፍንጫው ቢወጣ አትደንግጪ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እስከ አንደኛ ክፍል ድረስ ሾርባ ሲቀርብ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።"

ሴትየዋ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች። ማሪሶል ትባላለች፤ ባሏ ትሬንት። የመጡት አጀንዳው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፎ አይተው ነው።

"በምን ዓይነት ጡጦ ነው ያደጉት?" አለ ትሬንት።

"እኔማ አላስታውስም። እናቴን ነው መጠየቅ።"

"አቶ ዌስሊንግ" አሉ ከንቲባዋ፣ "ጉዳይዎ እኮ ገና አላለቀም።"

"አንዴ ይጠብቁኝ" አለና ከባልና ሚስቱ ጋር ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ሃያ ደቂቃ አወራ። ሲመለስ ምክር ቤቱ ደንቡን ለአንድ ጊዜ አላልቶ ድምፅ ሰጥቶ ጨርሷል፤ ወሩ እስከ ሃያ ሁለተኛው ቀን ለትንኝ፣ የቀረው ለከንፈርና ለላንቃ። ፎቶ የሚያነሳው ሰውም ወደ ቤቱ ሄዷል።

"ዘጠኝ ቀን?" አሉ እናቱ፣ ቤት ገብቶ ሲነግራቸው። "ለትንኝ ሃያ ሁለት፣ ለኛ ዘጠኝ?"

"አዎ።"

"እጅ ያወጡትን ሰዎች ስም ጻፍልኝ።"

ዴልበርት ስለ ሕፃኑ ነገራቸው። ወይዘሮ አርሊን ስሞቹን ረሱ።

"ይጠባል?"

"አይችልም። በጡጦ ነው፤ እሱም ይፈስበታል።"

"ክብደቱስ?"

"አልጠየቅሁም።"

"ሃያ ደቂቃ ሙሉ ምን ስታወራ ነበር ታዲያ? ነገ ጠዋት ትወስደኛለህ።"

በማግስቱ በምርኩዝ እየታገዙ እነማሪሶል ቤት ገቡ። ሰላምታውን አሳጥረው፣ መንገድ ላይ ያስገዙትን ለስላሳ ጡጦ አወጡና ሕፃኑን ጭናቸው ላይ ቀና አድርገው አስቀመጡት። "ሲውጥ ጡጦውን ትጫኚያለሽ፤ ሲተነፍስ ትለቂያለሽ። አትቸኩዪ፤ የሚያሯሩጥሽ የለም።" ልጁ ሲጠጣ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ የፈሰሰው ጥቂት ነው። ማሪሶል አለቀሰች። ወይዘሮ አርሊን የሕፃኑን መሐረብ አቀበሏት።

ከዚያ ልጃቸውን፣ "ና እዚህ ተቀመጥ" አሉት። "አፍህን ክፈት።"

"እማ!"

"ክፈት። ተሰፍቶ ምን እንደሚመስል ይዩት።"

ዴልበርት አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከፈተ። ትሬንት የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ አለና ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ማሪሶልም ተራዋን አየች።

"ቺፕስ ይበላሉ?" አለ ትሬንት፣ መብራቱን እያጠፋ።

"እበላለሁ።"

"ፈንዲሻስ?"

ዴልበርት አሰበበት። "መብላትማ እችላለሁ" አለ። "ግን አልወድም።"