የአስቴር የማታ ክኒን

ትናንት ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ ልለኩስ ክብሪት ስጭር፣ እንጨቱ ገና ነበልባል ሳይዝ የሚያወጣው ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጭስ ፍስሐ ገነት ከተማ ከተከራየኋት ክፍል አውጥቶ ዲላ ወደሚገኘው የድሮ ግቢያችን ወሰደኝ። ለሌላ ሰው የክብሪት ሽታ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ልቤን ያስደነግጠዋል፤ በልጅነቴ ከምድጃ ርቆ ክብሪት ከተጫረ እህቴ አስቴር ወድቃለች ማለት ነበርና።

አስቴር የሚጥል በሽታ ነበረባት። ውሃ ይዛ ስትመጣ ወይም ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠጉሬን ስትሠራኝ ድንገት ዓይኗ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀርና ትወድቃለች። ስለዚህ ጨዋታ ላይ ሆኜ እንኳ ከእሷ ላይ ዓይኔን አልነቅልም ነበር፤ ጠጉሬን ስትጎነጉን ጣቶቿ ለአፍታ ቆም ካሉ ትንፋሼን እይዛለሁ። ስትወድቅ እናቴ ራሷን ደግፋ «በኢየሱስ ስም!» እያለች ትጮኻለች፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደግሞ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ይደርሱና ክብሪት ጭረው ጭሱን ያሸቷታል። ክብሪቱ ምንም እንደማይጠቅም ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ያ ጭስ ካልሸተተኝ እህቴ የምትነቃ አይመስለኝም ነበር።

እኛ ጌዴኦዎች ነን፣ ቤታችንም የጴንጤ ቤት ነበር። እትዬ ዘነበች ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው ዲላ የቀሩ ኦርቶዶክስ ሲሆኑ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። በመካከላችን የነበረው የቀርከሃ አጥር ከማርጀቱ የተነሳ ከከለለው ይልቅ ያሳየው ይበልጣል። እናቴ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ለሰፈር በሚበቃ ድምፅ ስትዘምር፣ ከአጥሩ ማዶ «አንቺ የአስቴር እናት፣ ቀስ በዪ እንጂ፣ እግዜሩ እኮ አልደነቆረም!» ይሏታል፤ እሷም «እናንተስ በማይክ አይደል እንዴ የምትነግሩት፣ እትዬ!» ትላለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አንድ ጊዜ በትንሽ ጀሪካን ጠበል አመጡላት። እናቴ እንዳይከፋቸው በሁለት እጇ ተቀብላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፣ ለአስቴር ግን አልሰጠቻትም። ቀናት አልፈው እትዬ ዘነበች ጀሪካኑን እንደ ሞላ ሲያዩት አልተቆጡም፤ «በይ ተይው፣ እሷ የማትጠጣውን እኔ ስለሷ እጠጣዋለሁ» ብለው ወሰዱት። የምራቸውን ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እህል ሳይቀምሱ፣ ፊታቸውን ወደ ቤታችን አዙረው ሲጠጡ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር።

አባቴ አስቴርን ሆስፒታል ወሰዳት፣ ማታ ማታ የምትውጠው ክኒንም ታዘዘላት። መውደቋ ቀረ። በቡና ወቅት አባቴ ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሊሠራ ሲሄድ፣ እናቴ አንድ እሁድ ጉባኤ ፊት ቆማ ልጄ ተፈውሳለች ብላ መሰከረች፣ ሕዝቡም እልል አለ፤ ያን ቀን ያልተሳመ ጉንጭ አልቀረንም። ከዚያ በኋላ ነው ክኒኑ ለእናቴ የከበዳት። «ተፈውሳለች ብዬ መስክሬ ማታ ክኒን ከሰጠኋት ማንን ነው የምዋሸው?» አለችና የክኒኑን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አስቴር ክኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት ስለነበር ደስ አላት። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም ዓይን አፋር ስለነበርኩ አልመልስም ነበር። ብቻ ዓይኗን ማየቴን እንደገና ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ልናጥብ ከእትዬ ዘነበች ጋር ወንዝ ወረድን። አስቴር አንሶላ ልታለቀልቅ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ሳለ አንሶላው ከእጇ አምልጦ ብቻውን መሄድ ጀመረ፤ ቀና ስል እሷ የለችም። እናቴ «ኢየሱስ!» እያለች፣ እትዬ ዘነበች «ሚካኤል!» እያሉ እኩል ዘለው ገቡ፤ አንድ አንድ ክንዷን ይዘው እየጎተቱ ድንጋዩ ላይ አወጧትና ውሃው ከአፏ እንዲወጣ በጎኗ አስተኟት። እስክታስል ድረስ ያለፈው ጊዜ አሁንም ድረስ ያለፈ አይመስለኝም።

ስታለቅስ እናቴም አለቀሰች። እትዬ ዘነበች ከነጠላቸው ውሃ እየጨመቁ፣ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ገረመው ሰው፣ «ጌታሽን ጠርተሽ ዳር ቆምሽ እንዴ? ዘለሽ ገባሽ እኮ! ክኒኑስ ከዚህ በምን ይለያል?» አሏት። ያን ምሽት እናቴ ፖስታውን ከሣጥን አወጣች፤ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት ጸለየችበት። አጥሩ ጋ የቆሙት እትዬ ዘነበች አማተቡ፤ አስቴርም «አሜን» ብላ ዋጠችው። በሚቀጥለው እሁድ እናቴ ደግማ ቆመች፣ ልጄ ክኒን እየወሰደች ነው፣ ጌታም በዚያው እየሠራ ነው አለች። ገሚሱ «አሜን» አለ፤ ገሚሱ አንገቱን ደፋ፣ እሷም ጉንጯ ቀልቶ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከአጥሩ ማዶ «ወሰደች?» የሚል ድምፅ ይመጣል። «ጸልየን ወሰደች!» ትላለች እናቴ። እትዬ ዘነበች በቃል ብቻ አይለቁንም፤ «እስቲ ትምጣ» ይላሉ፣ አስቴርም እየተነጫነጨች ወደ ቀዳዳው ሄዳ አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አንሥታ ታሳያለች። «እህ፣ ገብቷል!» ሲሉ ብቻ ነበር እኔ ተረጋግቼ የምጫወተው።

አሁን እናቴ አርፋለች። እትዬ ዘነበች ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ገብተዋል፤ ቤታቸውን የገዛው ሰው በቀርከሃው ፈንታ የብሎኬት አጥር አቁሟል። ለክፋት አይደለም፣ ዘመኑ ነው፤ ግን አባቴ እስከ ዛሬ የጎረቤቱን ስም አያውቅም፣ ጎረቤቱም የእኛን ቤት ጸሎት አይሰማም።

አስቴር ወርቃ ከተማ አግብታ ልጅ ወልዳለች። ትናንት ሻማውን ለኩሼ ስደውልላት፣ በባሏ ቤተ ክርስቲያን ሲጸለይላት እንደሰነበተ፣ ከወደቀችም እንደቆየች፣ እሁድ ቆመሽ መስክሪ እንዳሏት በደስታ ነገረችኝ። እኔም አማኝ ነኝ፣ ስለ እሷ ሳልጸልይ አልተኛም። ያን የእትዬ ዘነበችን የወንዝ ዳር ቃል ልነግራት ፈለግኩ፤ ደስታዋን የተጠራጠርኩባት እንዳይመስላት ፈርቼ ተውኩት። «ክኒኑንስ?» ብቻ አልኳት። «እወስዳለሁ» አለችኝና ወሬውን ወደ ልጇ አዞረችው። በቀዳዳው በኩል የሚያይልን ሰው የለም፤ ላምናት እየሞከርኩ ስልኩን ዘጋሁ።