በእህቴ የሳቀው አዳራሽ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ወላጆቻችን በተዉልን ቤት አብረን እንኖር ነበር። ብርሃን ስለምትፈልግ የመንገዱን በር ወለል አድርጋ ከፍታ የስፌት መኪናዋን ወደ ደፉ ታስጠጋለች። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሁለታችንም አላገባንም፤ አንዳችን ለሌላችን በቂ ነበርን። ፊት ለፊታችን ጋራዥ እስኪከፈት ድረስ ኑሯችን ጸጥ ያለ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት በከተማው የተከበረ ሰው ነው። የተወለደው እዚሁ ቢሆንም ያደገው አዲስ አበባ ነው። አማርኛው እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ያለ ስለሆነ በሠርግም በለቅሶም ንግግር እንዲያደርግ የሚጋበዘው እሱ ነው። ባጃጅና ሚኒባስ ያስጠግናል። ጥገናው አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን ቀለም ቅቡ ነው። ሠራተኞቹ ቀለሙን በቲነር ያቀጥኑና በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ምንም ከለላ፣ ግቢው ውስጥ በኮምፕሬሰር ይረጩታል። ተራ የሚጠብቁት ሚኒባሶች ደግሞ ሞተራቸውን ሳያጠፉ በራችን ላይ ይደረደራሉ።

እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ድሮ የሚነሳባት አልፎ አልፎ ነበር። ጋራዡ ከመጣ ወዲህ ግን በጋ በገባ ቁጥር ከምሳ በኋላ ደረቷ ይታፈን ጀመር። ሄዳ ለመነችው። በርሽን ዝጊ አላት። በሩን የዘጋ ልብስ ሰፊ ክር ከመርፌ ማስገባት አይችልም፤ ቢሆንም ዘጋች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በተዘጋው ቤት ውስጥ፣ የስፌት መኪናው ሥር ወድቃ አገኘኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። በባጃጅ ይዣት ሆስፒታል ደረስኩ፤ ኦክስጅን ተሰጥቷት ተረፈች።

ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ጠየቃት። ሰውየው አልመጣም። ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስትተኛ እንኳን መንገዱን ተሻግሮ እንደምን ዋልሽ አላላትም። ይህን ያዝኩበት።

በዚያው ሰሞን ለሶዶና በዙሪያዋ ላሉ ወረዳዎች የአየር ብክለትን የሚቀንስ እቅድ ሊወጣ ነው ተብሎ ሕዝቡ ለውይይት ተጠራ። እህቴ ገና በደንብ ሳታገግም ካልሄድኩ አለች። አዳራሹ ሞልቷል። አንድ ባለሙያ ስለ ኦዞን ማስረዳት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ተነሱና ኦዞን ከፀሐይ የሚጠብቀን ጋሻ ነው ሲባል ኖሯል፣ ዛሬ ምን አጥፍቶ ነው የሚከሰሰው ብለው ጠየቁ። ባለሙያው የሚጠብቀን ከላይ፣ በሰማዩ ከፍታ ያለው መሆኑን፣ መሬት አጠገብ ሲፈጠር ግን ሳንባ እንደሚጎዳና የሰብል ቅጠል እንደሚያቃጥል ነገራቸው። ከጭስ ማውጫ እንዳለ አይወጣም። የመኪና ጭስና የቤንዚን፣ የቀለም፣ የቲነር ትነት ፀሐይ ላይ ተገናኝተው ይፈጥሩታል። በጋ ላይ፣ ከቀትር በኋላ የሚብሰው ለዚህ ነው። ነፋስ ስለሚወስደውም የሶዶው ሶዶ ላይ አይቀርም፤ ወረዳዎቹ በአንድ እቅድ የታቀፉት በዚህ ምክንያት ነበር።

እህቴ ይህን ሰምታ ማይክ ጠየቀች። እኛ ቤት የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ እሷ አማርኛ የምትናገረው ከደንበኞቿ ጋር ብቻ ነው። ስለ ቀለሙና ስለ ተዘጋው በር ተናገረች። መጨረሻ ላይ "እህቴ ደርሶ ባያነሳኝ ሞቼ ነበር" አለች።

የጋራዡ ባለቤት ከፊት ወንበር ተነሳ። ማይክ እንኳ አላስፈለገውም።

"መጀመሪያ እህትሽ ሴት ትሁን ወንድ ለይተሽ እወቂ" አላት። "ስለ አየሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

አዳራሹ ሳቀ። አወያዩም ሳቀ። እህቴ ማይኩን መልሳ ተቀመጠች፤ ስለ መውደቋ ደግሞ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔ ዞሬ የሳቁትን ሰዎች ፊት አየሁ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው ሲገቡ እንደ እኛው በወላይትኛ ነው የሚያወሩት።

በሳምንቱ እህቴ የስፌት መኪናዋን አስጭና ዲምቱ ከተማ፣ አክስታችን ዘንድ ሄደች። እኔ ጸሎት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይቅር በሉ ሲባል አሜን ስል ኖሬአለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እዚያ ቃል ላይ ሲደረስ አፌን መዝጋት ጀመርኩ።

ለእቅዱ ዝግጅት የነዋሪዎች ተወካዮች የሚመረጡበት ስብሰባ ሲጠራ ሄጄ ራሴን ጠቆምኩ። አስተማሪ ናት ብለው መረጡኝ። ለምን እንደፈለግሁት የጠየቀኝ የለም። የመጀመሪያው ረቂቅ ጋራዦቹ በሙሉ ከከተማው ተነስተው ወደ ጎረቤት ወረዳ፣ ወደ ሁምቦ መውጫ ባለው ሜዳ ላይ እንዲሰፍሩ ይላል። ከመናኸሪያ የራቀ ጋራዥ ገበያው እንደሚሞት አውቃለሁ። ከእኔ በላይ ያን ሐሳብ የደገፈ አልነበረም። በየስብሰባው ስለ ሕዝብ ጤና ስናገር ዓይኔ ላይ የሚመጣው የአንድ ሰው ግቢ ባዶ ሆኖ ነው።

ረቂቁን ይዘን ለውይይት ሁምቦ ወረድን። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እኔ አስረድቼ ስጨርስ አንዲት በዕድሜ የገፉ ገበሬ ተነሱ።

"ነፋሱ ከእናንተ ወደ እኛ እንደሚወርድ የነገራችሁን እናንተ ናችሁ" አሉኝ። "አሁን ደግሞ ጭሱን ራሱን አምጥታችሁ በቆሎአችን አጠገብ ልትተክሉት ነው? አስም ያለበት ሰው እኛ ዘንድ የሌለ መሰለሽ፣ ልጄ?"

ተናደድኩባቸው፤ ልክ ስለነበሩ። ወደ ሶዶ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሌሎቹ ሲያወሩ እኔ አሰብኩ። ሰውየው ወደዚያ ሜዳ ቢሄድ በሌላ ሴት በር ላይ ቀለሙን ይረጫል። ይብስ ብሎ ከዓይኔ ይርቃል፤ ረስቶን ይኖራል። እንዲረሳን አልፈለግሁም። እዚያው ፊት ለፊቴ ሆኖ፣ እየተቆጣጠርኩት፣ እየመረረው በደንብ እንዲሠራ ፈለግሁ።

ስለዚህ ሐሳቤን ቀየርኩ። ጋራዦች ባሉበት ይቆዩ፤ ቀለም ግን ማጣሪያ በተገጠመለት ዝግ ክፍል ብቻ ይረጭ፤ በበጋ በቀትር ፀሐይ ጭራሽ አይረጭ፤ ሞተር አስነስቶ መቆም ይከልከል፤ ነዋሪዎች ያሉበት ቡድን እየዞረ ይመልከት አልኩ። የሁምቦ ተወካዮች ደገፉኝ፤ ሐሳቡ ረቂቁ ውስጥ ገባ።

የመጨረሻው ውይይት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። መድረኩን የመራሁት እኔ ነበርኩ። አብዛኛው ሰው የሚያወራው ወላይትኛ ስለሆነ ውይይቱም በወላይትኛ ይሁን፣ ቋንቋውን ለማይሰማ አስተርጓሚ ይቀመጥ ብዬ አስቀድሜ አስወስኜ ነበር። የሚነቀፍ ሐሳብ አይደለም፤ ዛሬም አላፍርበትም። ነገር ግን ያስወሰንኩት ለአብዛኛው ሰው ብዬ ብቻ አልነበረም።

የጋራዡ ባለቤት ለመቃወም ተነሳና በአማርኛ ጀመረ። በወላይትኛ ይቀጥሉ አልኩት፤ አስተርጓሚ መኖሩን አልነገርኩትም። ጥቂት ሄደና አንደበቱ ተያዘ። ቃል ሲጠፋው ከልጅነቱ የቀረችውን ያነሳል፤ እሷም ቦታዋን ትስታለች። ምክንያት አለኝ ሊል ፈልጎ ሌላ ነገር ሲወጣው ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ፊት መጣ። ማይኩ በእጄ ነበር፤ ጸጥታ ማለት እችል ነበር። ሳቁ በራሱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

እቅዱ ጸደቀ። እሱ ግን ማን ያስገድደኛል ብሎ እንደ ድሮው ግቢው ውስጥ ማስረጨቱን ቀጠለ። ቡድናችን አየው፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ደግሞም አየው። በመጨረሻ የጋራዡ በር ታሸገ። ያን ቀን ክፍለ ጊዜዬን በሌላ አስተማሪ አስሸፍኜ ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። አየኝ። ሰላምታ አልተለዋወጥንም።

ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌዎች ላከብኝ። የተበደለችው እህቴ ናት፣ ዲምቱ ሂዱ አልኳቸው። እሱን ይዘው ሲሄዱ እንዳያመልጠኝ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። እህቴ የአክስታችን ቤት በረንዳ ላይ እየሰፋች ነበር። ወፈር ብላለች፤ ትንፋሿ አይሰማም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አላት። እሷ የጠየቀችው ስለ ሳቁ አልነበረም።

"ታምሜ ስተኛ ለምን አልመጣህም?" አለችው፣ በወላይትኛ።

መሬት መሬቱን አየ። እህቴ ይቅር ብያለሁ አለች፤ ከልቧ እንደሆነ ድምፅዋ ያስታውቃል። የቀለም መርጫውን ክፍል ሳይሠራ ግን እሽጉ እንዲነሳ እንደማትለምንለት ጨምራ ነገረችው። ስንመለስ አንደኛው ሽማግሌ አንቺስ፣ መምህርት አሉኝ። እኔን ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም ብዬ መለስኩ።

ክፍሉን ሠራ። ማጣሪያውም ተገጠመ፤ ጋራዡ ተከፈተ። እህቴ ክረምቱን ከእኔ ጋር ትከርማለች፤ በጋው ሲበረታ ግን ዲምቱ ትመለሳለች። የቲነሩ ሽታ ከበራችን ጠፍቷል፤ የመናኸሪያው መኪና ግን ብዙ ነው፤ አንድ ጋራዥ በማሸነፍ ሰማዩ አልጠራም። ሰዎች ለሕዝብ ጤና የታገለች እያሉ ሲያመሰግኑኝ አላርማቸውም።

እቅዱ በየጊዜው ይከለሳል። የጋራዥ ባለቤቶች ተወካያቸው አድርገው የመረጡት እሱን ነው፤ ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። ባለፈው እኔ በመራሁት ስብሰባ ለመናገር እጁን አወጣ። አየሁት። ዕድሉን ለሁምቦ ሴቶች ሰጠሁ፣ ቀጥሎ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ቀጥሎ ለአንድ ተማሪ። ክንዱ ደክሞት በሌላው እጁ ደገፈው። ሁሉም ተናግረው ሲያበቁ እርስዎ ይቀጥሉ አልኩት። አመሰግናለሁ፣ መምህርት ብሎ ተነሳ።