በቀን ያልተጠመደው ማሽን

«ማሽኑ በቀን ይፈተን» ያልኩት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬም ድረስ «ኮሚቴው አስቦበት ነው» ይላሉ አሉ። ይበሉ! እኔ ግን መጻፍ ከለመድኩ ወዲህ ማንንም ስለማልፈራ እንደሆነው አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ደብረ ታቦር ባለው የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበር ከሚያዝያ ጀምሮ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ነበር። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለሆንኩ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ የአባላቱን ስም፣ ቀበሌና የዘር ድርሻ ከአሮጌው መዝገብ ወደ ካርድ እገለብጣለሁ። መዝገቡን አይጥ በልቶታል። የአንድ ገበሬ ስም ተፈልጎ እስኪገኝ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ካርዶቹን በፊደል ተራ ደርድሬ በሳሙና ካርቶን ከተትኳቸው። ቀለሙ ጣቴ ላይ እንደ እንሶስላ ቀረ።

ሊቀ መንበሩ አናጢ ተጠርቶ ለካርዶቹ ባለ መሳቢያ ሣጥን እንዲሠራ አሳስበው ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ አንድ ሻጭ አስመጡ። ሻጩ ደግሞ ኮምፒዩተር የሚሉትን ነገር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በላንድሮቨር ይዞ መጣ። ማኅበሩ ሥራውን ሁሉ ከሁለቱ በየትኛው ላይ ይጣል? ጥያቄው ይኸው ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ የከተማው የመብራት ሞተር ሲነሣና መብራት ሲመጣ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ሻጩ አስቀድሞ ጥቂት ስሞች አስገብቶ ኖሮ፣ ቁልፍ ሲነካ አረንጓዴ ፊደል ጥቁሩ መስታወት ላይ ብቅ አለ። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አልዋሽም፣ ልቤ እንደ እምቦሳ ፈነጠዘች።

«ካርዶቼስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ስሙ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ከገባማ ለሻይ ክበቡ ማቀጣጠያ ይሆናሉ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ሰው ሳቀ። ሁለት ወር ሙሉ የጻፍኩት!

በማግሥቱ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቁ ደጃፍ ላይ ገበጣ ይጫወታል።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ ጋሼ?»

«መብራት ሳይመጣ በምን ልሥራ? በጥርሴ ልበይደው?»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እኛ አገር መብራት የሚመጣው ዶሮ ቆጥ ስትወጣ ነው። ስለለመድነው ማናችንም ልብ አላልነውም። ማሽኑን በማታ አየነው፤ ገበሬው የሚመጣው ግን በቀን ነው!

ደብተሬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ኮሚቴው የማሽኑን ግዥ ሊፈርም ተቀምጧል።

«አንቺ ልጅ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ከጀርባቸው «ሴቶች በሁሉም መስክ ይሳተፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ «በቀን ይፈተን» አልኩ። «በገበያ ቀን፣ ገበሬው በሚመጣበት ሰዓት።»

«ሞተር ይገዛለታል፣ እህቴ» አለ ሻጩ ፈገግ ብሎ።

«ናፍጣውስ? ለላንድሮቨሩ እንኳ በራሽን አይደለም እንዴ?»

«እዩልኝ፣ ገና በዚህ ዕድሜዋ አድኃሪ ሆናለች!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ዝም ልበል ብል አፌ እንቢ አለ። «አድኃሪስ ገበሬውን ባዶ ጆንያ አሸክሞ የሚመልስ ነው፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ።»

ሊቀ መንበሩ፣ ዕድሜያቸውን በሞፈር የፈጁ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን አጣፉና «በሬ እንኳ ሳይጠመድ አይገዛም። ቅዳሜ ይጠመድ» አሉ።

ቅዳሜ ዝናቡ ይወርዳል። ዘር ከሚወስዱት ሁሉ ፊት የቆሙት ከገሳይ ከተማ ወዲያ፣ ወፍ ሳይንጫጫ አህያ እየነዱ የመጡ ሰውዬ ነበሩ። ማሽኑ ፊት ቆሙ። ሻጩ ቁልፉን ነካ፤ ደግሞ ነካ። መስታወቱ ላይ የታየው የሰውዬው ጢም ብቻ ነበር።

«ማታ መብራት ሲመጣ ብቅ ይበሉ፣ አባቴ» አለ ሻጩ።

«ማታማ አህያዬን ለጅብ ልገብር ነው?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁም ሳይቀሩ! እኔ ካርቶኔን ሳብኩ። በስማቸው አራት ሰው አለ፤ ሁለቱ በአባት ስምም ይገጥማሉ። «አያትዎን ማን ይሏቸዋል? ቀበሌዎስ?» ብዬ ጠየቅሁና ካርዳቸውን መዝዤ አወጣሁ። እጄ ላይ ያለውን ቀለም አይተው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። የስንዴ ዘራቸውን ጭነው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወረፋው አለቀ።

«በሉ አናጢውን ጥሩት» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ለጊዜው ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ሳያዩ።

አዎ፣ ለጊዜው ነው። ያን አረንጓዴ ፊደል መች ጠላሁትና! ደብረ ታቦር በቀን መብራት የገባላት ዕለት መጀመሪያ ቁልፉን የምነካው እኔ ነኝ፤ ከአሁኑ ይታወቅልኝ። እስከዚያው አናጢው የሠራው የዝግባ ሣጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር ታስሯል። ማቀጣጠያ የፈለገ እንጨት ይፍለጥ።