ኦይታ የደፈነው ጉድጓድ

ሸማኔው ኦይታ ፈሪ ሰው ነበር። ይህን የምለው ልሰድበው አይደለም፤ እሱም ራሱ አይክድም። የኦቾሎ ልጅ ነው፤ ከአባያ ሐይቅ በላይ ካለው ተራራ ጫፍ የተወለደ። ገደል አፋፍ ላይ ያደገ ሰው ምን ያስፈራዋል ትሉ ይሆናል። ኦይታን ገደል አላስፈራውም። ኦይታን የሚያስፈራው ወረቀት የያዘ ሰው፣ ቆብ ያደረገ ሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሙን ከነአባቱ አሟልቶ የሚጠራው ሰው ነው። ልጅ ሳለ ሁለት ፖሊሶች መጥተው አባቱን ከቤት ሲወስዷቸው አይቷል። አባትየው ከሰነበቱ በኋላ ቢመለሱም ለምን እንደተወሰዱ ሳይነግሩት አረፉ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ኦይታ መጀመሪያ የሚያየው የጓሮውን በር ነው።

ያም ሆኖ አንድ ምኞት ነበረው፤ ለሽመናው የራሱ የሆነች ክፍል። ትዳር ይዞ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሲቀላ ሰፈር ከወረደ ወዲህ የሠራው ሁሉ በሰው በረንዳ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ድሩን ሰብስቦ መሮጥ፣ የጎረቤት ዶሮ ፈትሉ ላይ ስትጨፍር ማባረር፣ አከራዩ እንግዳ ሲመጣበት "እስቲ ዞር በል" ሲለው ዞር ማለት፤ ኑሮው ይኸው ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ትርፍ ቤት ሲወረስ ግን ቀበሌው ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት አከራየው። እውነቱ ይነገር፤ ደርግ ለኦይታ መጀመሪያ የሰጠው ነገር ደስታ ነው።

የውስጠኛዋን ክፍል ለሽመና መደባት። በእንጨት ጫፍ ወለሉ ላይ መስመር ሲያሰምር ቀኑን ሙሉ ዋለ፤ አሰመረ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አሰመረ። ሚስቱ ወርቂቱ ትንሿን ልጃቸውን ማሚቱን አዝላ ከበሩ ላይ ቆማ ትስቅበታለች። እንደምታውቁት ሸማኔ የሚቀመጠው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይረግጣል። ስለዚህ የጉድጓዱ ቦታ ከተወሰነ የክፍሉ ነገር ሁሉ ተወሰነ ማለት ነው። ኦይታ ወደ ምሥራቅ ከምታየው መስኮት ሥር ይሁን አለ፤ ብርሃኑ በግራ ትከሻው በኩል መጥቶ ድሩ ላይ እንዲያርፍ፣ የእጁ ጥላም እንዳይጋርደው። የፈትሉን መደርደሪያ ምስጥና አይጥ እንዳይደርስበት ከመሬት ከፍ አድርጎ ትይዩው ግድግዳ ላይ፤ የወርቂቱን መፍተያ ነፋስ እንዲያገኛት በሩ አጠገብ። በወጥ ቤቱ በኩል ያለው ጥግ ግን ለምንም አይሆንም። ጨለማ ነው፤ ግድግዳውም ስለተሰነጠቀ ጭስ እየገባበት ነጭ ፈትል ያበላሻል። እዚያ ጥግ የሚቀመጠው ስሞት ሬሳዬ ነው ብሎ ቀለደና ወርቂቱ ተቆጣችው።

ጉድጓዱን በራሱ ባት ለክቶ፣ ጎኑን በመዳፉ አለስልሶ፣ አሳምሮ ቆፈረው። የሽመናው ዕቃ ገና አልመጣም፤ ኦቾሎ ወንድሙ ዘንድ ነበርና ለገበያ ቀን ሊያወርድለት ተቀጣጥረዋል። እስከዚያው ክፍሏ ውስጥ ያለው ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነው።

ፍተሻ የታወጀው በዚያው ሳምንት ነበር። ዘመኑ ስልሳ ዘጠኝ ነው፤ ከቤቱ የወጣ ሰው ይመለስ አይመለስ የማይታወቅበት ጊዜ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሸዋንዳኝ ከወደ መንዝ የመጣ፣ ቀድሞ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ስብሰባ ጠራና መሣሪያም ሆነ የአናርኪስት ወረቀት የቀበረ ካለ ዛሬውኑ አውጥቶ እንዲያስረክብ ተናገረ። ቤት ለቤት እንገባለን፣ ወለል ሳይቀር እናያለን፣ አዲስ የተነካ መሬት ያገኘንበት ሰው ይጠየቃል አለ። ንግግሩን ሲዘጋም እንዲህ አለ፤ "ንጹህ ሰው አይፈራም። አብዮቱን የሚፈራ ጠላቱ ብቻ ነው።" ሕዝቡ አጨበጨበ። ኦይታም አጨበጨበ፤ መዳፉ ግን በላብ ርሶ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ጉድጓዱን ሲያየው ነፍሱ ከሥጋው ተላቀቀች። ጠዋት የእግሩ ቦታ የነበረው አሁን የጠመንጃ ቦታ ሆኖ ታየው። ዕቃ የለበት፣ ድር የለበት፤ ሸማኔ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ወርቂቱ ልታረጋጋው ሞከረች። የሸማኔ ጉድጓድ አገር የሚያውቀው ነው፣ እንዲያውም የኦቾሎ ሰው ቤት ጉድጓድ ቢጠፋ ነው የሚገርማቸው፣ ተወው አለችው። በጋሞኛ ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ አልሰማትም። አፈሩን መለሰበት። ረገጠው፤ ውሃ አርከፍክፎ ደግሞ ረገጠው፤ በላዩ እበት ለቀለቀበትና ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ።

ያየው ያኔ ነው። ወለሉ ሁሉ ደርቆ ገርጥቷል፤ ከመስኮቷ ሥር ግን ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ተጋድሟል። ጉድጓድ ሳለ ቢበዛ የሚያጠያይቅ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቁርጥ የተቀበረ ነገር መሰለ። አልጋ ጎትተው እላዩ ላይ አቆሙበት፤ የአልጋው እግር እርጥቡ አፈር ውስጥ ሰመጠና መልሰው አነሡት። "ወርቂቱ፣ ምን አደረግሁ?" አላት። አጠገቡ ተቀመጠች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። ሸዋንዳኝ ከፊት ነው፤ ከኋላ ዳምጤ የሚባለው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቷል። ዳምጤ ጎረቤታቸው ነው፤ ትከሻው ላይ ጣል ያደረጋትን ነጠላ የሠራለት ኦይታ ነው። ያን ቀን ግን ሰላምታም አልሰጠው። የፊተኛውን ክፍል ገለበጡት፤ ፍራሹን አነሡ፣ ዱቄቱን በእንጨት አማሰሉ፣ ምንም አጡ። ወደ ውስጥ ዘለቁ። ዳምጤ በሰደፍ ወለሉን እየደቃ ሄደ፤ ወለሉ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ከመስኮቷ ሥር ሲደርስ ሰደፉ ገባ።

"እዚህ ምን ቀበርክ?" አለ ሸዋንዳኝ።

"ምንም፣ ጌታዬ።"

"ጌታ ቀርቷል። ጓድ በል።"

"ምንም፣ ጓድ ጌታዬ።"

የሳቀ የለም። የራሱን ዶማና አካፋ አቀበሉትና ቆፍር አሉት። ትናንት የመለሰውን አፈር አወጣ። ያልተነካው መሬት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያቸው፤ ጨምር አሉት። ጨመረ። ጉልበቱ ጋ ደረሰ፤ ጨምር አሉት። ወገቡ ጋ ደረሰ። በባቱ የለካው ጉድጓድ አሁን በቁመቱ እየተለካ መሰለው፤ መቃብሩ ሊሆን እንደሚችልም አሰበ። አፈሩ ከአካፋው ላይ እየረገፈ እግሩ ላይ ይመለሳል። በመጨረሻ ዶማው ድንጋይ መታ። ዳምጤ ጎንበስ ብሎ ተመለከተና ምንም የለም አለ።

እንግዲህ ኦይታ ዳነ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ኧረ ወዲያ! ነገሩ የከፋው ያኔ ነው። አንድ ነገር ቢገኝ ጉዳዩ በታወቀ ነበር፤ ምንም የሌለበትን ጉድጓድ የሚደፍን ሰው ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? ሸዋንዳኝ አገጩን ይዞ ጉድጓዱን አየ፣ ኦይታን አየ። የምን ጉድጓድ እንደሆነ ጠየቀ፤ የሽመና ነው ተባለ።

"የሽመና ከሆነ ታዲያ ለምን ደፈንከው?"

እውነተኛው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ፈርቼ። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን የስብሰባው ነገር ትዝ አለው፤ አብዮቱን የሚፈራ ጠላቱ ብቻ ነው። ፈርቼ ካለ ማንን ይሉታል፤ እናንተን ካለ አበቃለት። ሌላ መልስ ፈለገ። ዓይኑ ከዳምጤ ጠመንጃ ሸሸ፣ ከመስኮቷም ሸሸ፣ ሄዶ ያ ጨለማ ጥግ ላይ ተሸጎጠ።

"ቦታ ተሳስቼ ነው" አለ። "ብርሃኗ ዓይኔን ትወጋለች። ጉድጓዱ መሆን ያለበት እዚያ ነው።" በአካፋው ወደ ጥጉ አመለከተ።

ወርቂቱ ከበሩ ላይ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማት። ሸዋንዳኝ ሄዶ ጥጉን አየ። ስለ ሽመና የሚያውቀው መልበሱን ብቻ ነው፤ ብርሃን ሸማኔን ይወጋል ወይ ብሎ ዳምጤን ጠየቀው። ዳምጤ የነጠላውን ጫፍ አንዴ ዳሰሰና ሥራው ነው፣ እሱ ያውቃል አለ። አውቆ ያዳነው ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልተለየም። ሸዋንዳኝም ይኸኛውን ድፈን፣ እዚያ ቆፍር፣ እየመጣሁ አያለሁ ብሎ ወጣ። ኦይታ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ወርቂቱ እጁን ስባ ስታወጣው ሱሪው ርሷል። ላብ ነው አለችው፤ አዎ ላብ ነው አላት።

የሽመናው ዕቃ ከኦቾሎ መጥቶ ጨለማው ጥግ ውስጥ ተተከለ። ወንድሙ አብደሃል ወይ ቢለው፣ ኦይታ ለእሱ እንኳ እውነቱን አልተነፈሰም፤ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል አለው። ሸዋንዳኝም እንዳለው መጣ። መጀመሪያ ለማየት ነው፤ ኋላ ኋላ ግን ጨዋታ ወዶ ይመጣል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ከመስኮቷ ሥር፣ ልክ የተደፈነው ቦታ ላይ በርጩማ ያስቀምጥና በዚያ በሚያምር የጠዋት ብርሃን ጋዜጣውን ያነባል። ዓይኑን ጠበብ እያደረገም "እውነትህን ነው ኦይታ፣ ይህ ብርሃን ይወጋል" ይላል። ኦይታ ከጨለማው ውስጥ አዎ ጓድ ይላል። እግሩ ግን መርገጫውን ይስታል።

ጭሱ እንደተፈራው ነጩን ፈትል ቢጫ አደረገው። የሲቀላ ገበያ ሴቶች ጋቢውን እያሸተቱ መለሱበት። ወርቂቱ ምድጃዋን አንሥታ ጓሮ አወጣች፤ ክረምት ከበጋ በእንሰት ቅጠል ዳስ ሥር ስታበስል ኖረች። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ደግሞ የጥለቱን ቀይ ከአረንጓዴው መለየት ተሳነው። አጠገቡ ተቀምጣ ቀለሙን እየጠራች ታቀብለዋለች። ሸዋንዳኝ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር አሁን ወደ መስኮቷ እንመልሰው አለችው። አዲሱ ሊቀመንበር ነገሩን ሰምቶ ቢሆንስ አላት። አዲሱም ሄዶ ሌላ መጣ፤ ኦይታ አሁንም ያንኑ አላት። ተስፋ ቆርጣ መጠየቋን ተወች።

ሰማንያ ሦስት ላይ ደርግ ወደቀ። ወታደሩ መለዮውን እየጣለ በሲቀላ መንገድ ሲያልፍ ኦይታ በበር ቀዳዳ አየው፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ባዶ መሆኑንም ሰው ነገረው። ያም ሆኖ ወራት ጠበቀ። አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ አንድ ቀን ዶማውን ይዞ ገባና ከመስኮቷ ሥር ቆፈረ፤ በባቱ ለክቶ፣ ጎኑን በመዳፉ አለስልሶ። ዕቃውን አዛውሮ ተቀመጠ። ብርሃኑ በግራ ትከሻው በኩል መጥቶ ድሩ ላይ ሲያርፍ ኦይታ አለቀሰ። ወርቂቱም አለቀሰች። ይህ ሁሉ ዓመት ብርሃኑ እዚያው ነበር።

የጥጉ ጉድጓድ ግን ባዶውን ቀረ። ድፈነው፣ ሰው ይገባበታል ስትለው ነገ ይላታል። ነገ እያለ ሰነበተ። ኦቾሎ ለለቅሶ የወጣ ጊዜ ወርቂቱና ኮረዳ የሆነችው ማሚቱ አፈር ሞልተው ደፈኑት፤ ረገጡት፣ እበትም ለቀለቁበት። መደርደሪያውን እዚያ ልታዛውርለት አስባ ነበር፤ ደስ ሊያሰኘው።

ኦይታ ሲመለስ ከክፍሉ በር ላይ ቆመ። ጥጉ ውስጥ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ተጋድሟል። መቃኑን ያዘ። ከዚያ አካፋውን አምጥቶ አፈሩን ያወጣ ጀመር። ወርቂቱ ክንዱን ያዘችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ማን ይመጣል ብለህ ነው? ሄደዋል እኮ።"

"ሄደዋል" አላት። "ያኔ ለምን ደፈንከው ሲሉኝ አንዲት መልስ ነበረችኝ፤ እሷን ሰጠኋቸው። ዛሬ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?"

"ፈርቼ በላቸው። አሁን ይቻላል። እስቲ እዚህ ለእኔ በለው፤ ፈርቼ በል።"

ኦይታ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ግን ዞር ብሎ በሩን አየ፤ በሩ ክፍት ነበር። አካፋውን አነሣና መቆፈሩን ቀጠለ።