በቁም የተለቀሰላቸው

ሠርኬ ልጆቿን ያሳደገችው እህል በረንዳ ምስርና ሽምብራ እየሸጠች ነው። የበኩር ልጇ ማስረሻ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ወዲህ ግን ድምፁ ጠፍቷል። ሞተ የሚል መርዶ አልመጣም፤ አየሁት የሚልም አልተገኘ። ዘመዶቿ "እርምሽን አውጪ፤ ለቅሶ እንቀመጥ" ባሏት ቁጥር ትቆጣለች። መርዶ ላልመጣለት ሰው ማልቀስ በገዛ አፍ መግደል ነው ትላለች። በሰው ለቅሶ ላይ እንኳ እንባዋን ውጣ ንፍሮ ስታዞር ነው የምትውለው። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ኃይለየሱስ በቀደም "እሁድ ቁርጡን ንገሪን" ብለዋታል።

ዓርብ ዕለት ሴት ልጇ ሩታ ዩኒቨርሲቲ ጋበዘቻት። የክፍሏ ተማሪዎች ስለ አየርላንድ ሕዝብ ባህልና ኑሮ ያጠኑትን ለወላጆች በአማርኛ የሚያቀርቡበት ቀን ነው።

"አየርላንድ ደግሞ የት ነው?" አለች የጎን ባለሱቋ ዱንያ፣ ነጠላዋን እያስተካከለችላት።

"እንግሊዝ አጠገብ ነው አሉ።"

"ፀጉርሽ ላይ ገለባ አለ፤ ፈረንጆቹ ናሙና ይዛ መጣች እንዳይሉሽ።"

"ፈረንጅ የለም፤ የኛው ልጆች ናቸው።"

"እነሱማ ይብሳሉ!"

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ተማሪ የአየርላንዶቹን ጭፈራ በፊልም አሳየ። እጃቸውን ወደ ታች አድርገው በእግር ብቻ ነው የሚጨፍሩት። ሠርኬ ‘ትከሻ አልተፈጠረላቸውም እንዴ’ ብላ ፈገግ አለች። ሌላዋ ዋና ምግባቸው የነበረው ድንች መሬት ውስጥ ስለበሰበሰበት የረሃብ ዘመን ስትናገር ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሩታ ተከተለች።

"ያኔ ወጣቱ በመርከብ ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር። የሚመለሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የመሄጃው ዋዜማ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ በአገሩ ልማድ ለሬሳ እንደሚደረገው አብሮት ያድራል። ይበላል፣ ይጨፈራል። ሲነጋ እናቶች ያለቅሱለታል፤ እሱ እዚያው ቆሞ እየሰማ።"

"ቆሞ እየሰማ?" አለች ሠርኬ፣ ሳታስበው ድምፅ አውጥታ።

ሩታ ከወረቀቷ ቀና አለች። "አዎ እማዬ።"

"አላሟረቱበትም?"

"የለም። ገና ሳይሄድ ናፍቋቸው ነው።"

ሠርኬ ማስረሻ የሄደበትን ንጋት አሰበች። ቆሎ ቋጥራ ሰጥታው፣ እንባ ለመንገደኛ አይበጅም ብላ ፊቷን አዙራ ነበር የሸኘችው። ልጁ የእናቱን እንባ ሳያይ ሄደ።

አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሷ ብድግ አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ጎንበስ ብላ "እግዜር ያጥናቸው" አለች። ከኋላ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ሳቁ። ሩታ ግን ከመድረኩ ወርዳ አቀፈቻት።

እሁድ እድርተኛው ተሰብስቦ ጠበቃት።

"ጋሼ ኃይለየሱስ፣ ድንኳን እንዳትተክሉ" አለች። "መርዶ የለም፤ ልጄ ሞተ አልልም።"

"እንግዲያ ምን እናድርግልሽ?"

"ኑና አልቅሱልኝ። ሲሄድ አልተለቀሰለትም።"

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱ። "ለዚህ የሚሆን ደንብ እኮ የለንም፣ ልጄ።"

ከዘራቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ከዚያ "ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንምጣ?" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ በሰው ሞላ። ዱንያ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ሠርኬ "ማስረሻ" ብላ ጀመረች፤ በሩ ላይ ሻንጣውን ይዞ የቆመ ይመስል፣ ለእሱ ለራሱ እየነገረች አለቀሰች።